የተደገመች መስመር፦ የ1900ዎቹን መጀመሪያ የአሜሪካ ጋዜጦች ስህተት ማንበብ

ከ1900 እስከ 1920 የታተሙ የአሜሪካ ዕለታዊ ጋዜጦችን የሚያገላብጥ ሰው (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ግራ የሚያጋቡ መስመሮች ይገጥሙታል። አንዷ ሁለት ጊዜ ትደገማለች፤ ሌላዋ ከማትዛመደው ዜና መካከል ተሰንቅራ ትገኛለች። ብዙ አንባቢ ይህን የአዘጋጁ ግድየለሽነት ያደርገዋል። አብዛኛው ግን ጽሑፉን መስመር በመስመር ከቀለጠ ብረት እያወጣ ለኅትመት ያዘጋጅ የነበረው የሊኖታይፕ ማሽን አሠራር የተወው አሻራ ነው፤ አሠራሩን ያወቀ ገጹ ላይ ምን እንደደረሰ ሊደርስበት ይችላል።

ማሽኑን የፈጠረው በጀርመን የተወለደው ኦትማር መርገንታለር ነው፤ በጋዜጣ ሥራ ላይ መጀመሪያ የዋለው በ1886 በኒው ዮርክ ትሪቢዩን ነው። 90 ቁልፎች አሉት። ኦፕሬተሩ አንዱን ሲነካ ከላይ ካለው ሣጥን ፊደል የተቀረጸባት ትንሽ የናስ ቅርጽ ትወርዳለች። በቃላቱ መካከል የብረት ሽብልቆች ይገባሉ፤ መስመሩ ሲሞላ ሽብልቆቹ ወደ ላይ ተገፍተው ቃላቱን እያራራቁ ከአምዱ ስፋት ጋር ያስተካክሉታል። ቀጥሎ የቀለጠ ብረት ከኋላ ይገፋበትና ሙሉው መስመር አንድ ወጥ ቁራጭ ሆኖ ይወጣል።

ብረቱ በአብዛኛው እርሳስ ነው፤ ከ11 እስከ 12 በመቶ አንቲሞኒ፣ ከ3 እስከ 4 በመቶ ደግሞ ቲን ይጨመርበታል። አንቲሞኒው ጥንካሬ ይሰጠዋል፤ ቲኑ ቅርጹን በደንብ እንዲሞላ ይረዳዋል። ሙቀቱ በ285 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መሆን አለበት። ከቀዘቀዘ የፊደሉ ፊት ይቦረቦራል፣ ኅትመቱም ይደበዝዛል። ከመጠን በላይ ከጋለ ቁራጩ ውስጡ ክፍት ሆኖ ይወጣል፤ በማተሚያው ጫና ሥርም ይሰምጣል። የናስ ቅርጾቹ ጎን ሲጎዳ ብረት በመካከላቸው ሰርጎ ይገባል፤ በፊደላት መካከል ፀጉር የመሰለ ቀጭን መስመር ካያችሁ ምክንያቱ ይህ ነው። በደንብ ያልሞላ መስመር ደግሞ የባሰ ነው፤ የጋለው ብረት በክፍተቱ ፈንጥቆ ኦፕሬተሩን ሊያቃጥል ይችላል።

ፊደል በእጅ በሚለቀምበት ዘመን አንዲት የተሳሳተች ፊደል በወረንጦ ተነቅላ ትተካ ነበር። በሊኖታይፕ ግን ለአንዲት ፊደል ሲባል መስመሩ በሙሉ እንደገና ይተየባል። በዚህ ጊዜ አዲስ ስህተት ሊገባ ይችላል። ይልቁንም ገጽ አቀናባሪው የታረመውን ቁራጭ ይዞ ሲመጣ ስህተተኛውን ትቶ ጎረቤቱን ጤነኛ መስመር የሚያወጣበት ጊዜ አለ። ቁራጩ የሚነበበው ተገልብጦ ነው፤ ሰዓቱም ይገፋዋል። ስለዚህ ተመሳሳይ መስመር ሁለት ጊዜ ስታዩ ሁለቱን ፊደል በፊደል አነጻጽሩ። አንዷ ስህተት ያለባት ከሆነ ሌላዋ እርማቷ ናት፤ በዚያው አካባቢ የጠፋ ሦስተኛ መስመር እንዳለም ጠርጥሩ። የከተማ ምክር ቤት ውሎና የፍርድ ቤት ዜና ላይ የሰው ስም የሚዛባው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ከአንድ ቅጂ ብቻ ስም መቅዳት የማልመክረውም ለዚህ ነው።

ሌላው ምልክት ኤታኦይን ሽርድሉ (etaoin shrdlu) የሚለው ትርጉም የለሽ ቃል ነው። በቁልፍ ሰሌዳው ግራ ዳር ያሉት ሁለት ዓምዶች ከላይ ወደ ታች የሚነበቡት እንዲህ ነው። ኦፕሬተሩ መሳሳቱን ካወቀ የጀመረውን መስመር ከመነቃቀል ጣቱን በነዚህ ቁልፎች ላይ አንሸራቶ መሙላት ይቀለዋል፤ ቁራጩ በኋላ ይጣላል። አራሚው ካላየው ግን አብሮ ይታተማል።

ገጹ ከተሞላ በኋላ እርጥብ ወፍራም ወረቀት ተጭኖበት ቅርጹን ይወስዳል፤ ወረቀቱ ሲደርቅ ክብ ለሚዞረው ማተሚያ የሚሆን ጎባጣ ሰሌዳ የቀለጠ ብረት ፈስሶበት ይወጣል። አንድ ገጽ በተለወጠ ቁጥር አዲስ ሰሌዳ ያስፈልጋል። ስለዚህ በአንድ ቀን ብዙ እትም የሚያወጡ ጋዜጦች በዋናነት የሚቀይሩት የፊት ገጻቸውን ነበር፤ የውስጡ ገጽ የጠዋቱን ዜና ይዞ ሊቀር ይችላል። በኅዳር 1916 በዉድሮ ዊልሰንና በቻርልስ ኢቫንስ ሂዩዝ መካከል በተደረገው የፕሬዚዳንት ምርጫ አንዳንድ ጋዜጦች ሂዩዝ አሸነፈ ብለው አትመው ነበር። የካሊፎርኒያ ቆጠራ ሲያልቅ ያሸነፈው ዊልሰን ሆነ። በማይክሮፊልም (የጋዜጣ ገጾች በፎቶ አንሰው በሚቀመጡበት ፊልም) ላይ ብዙ ጊዜ የሚቀረው ከዕለቱ እትሞች አንዱ ብቻ ስለሆነ፣ ስትጠቅሱ ከቀኑና ከገጹ ጋር ከጋዜጣው ስም አጠገብ የተጻፈውን የእትሙን ስያሜ ጭምር መዝግቡ።