በጥር የተከራየነው ቤት

ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ ለመምጣት ስንወጣ እጃችን ላይ የነበረው 180 ሺህ ፍራንክ ነው። ሁለት ልጆች፣ ሦስት ሻንጣ፣ አንድ ቬንትሌተር፣ በአንሶላ የተጠቀለሉ ድስቶች። ፍሪጁንና አልጋውን እዚያው ጅቡቲ ለባልባላ ሰፈር ጎረቤቶቻችን ሸጠናል። 8 ዓመት ሠርተን ይዘን የተመለስነው ይኸው ነበር።

የጅቡቲ ፍራንክ አይነቃነቅም። 1 ዶላር ሁሌም 177 ፍራንክ ከምናምን ነው። ስለዚህ የያዝነው 1 ሺህ ዶላር ገደማ መሆኑ ነው። ብር ደግሞ በሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ወርዷል። በፊት 57 ብር የነበረው ዶላር እኛ ጥር 2017 ስንገባ ባንክ ውስጥ ከ120 ብር አልፎ ነበር። ባለቤቴ ባቡር ውስጥ በስልኩ ሲያሰላ ፊቱ በራ። እኔም ደስ አለኝ። ዕቃውም አብሮ መወደዱን ያየሁት ቀፊራ ገበያ ወጥቼ ዘይት ስጠይቅ ነው።

ሁለታችንም የድሬ ልጆች አይደለንም። እኔ ከኮምቦልቻ ነኝ፣ እሱ ከአዳማ። ብዙ ሰው «ለምን አገራችሁ አልገባችሁም?» ይለናል። እውነቱን ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ለመኖር አቅሙ የለንም። ከ8 ዓመት በኋላ ደግሞ ሦስት ሻንጣ ይዞ ወላጅ ቤት መግባት ከበደን። እናቴ በስልክ «ብቻ በሰላም ግቢልኝ» ትለኛለች እንጂ አንድ ቀን ገንዘብ ጠይቃኝ አታውቅም። ያፈርኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ቤት እንያዝ፣ ሥራ እንጀምር፣ ከዚያ ለፋሲካ ልጆቹን አልብሰን እንሄዳለን ተባባልን። ድሬ ከድንበር ወዲህ ባቡሩ የሚያገኘው የመጀመሪያው ትልቅ ከተማ ነው። ባለቤቴ የከባድ መኪና መካኒክ ነው። በድንበር ከተማዋ በደወሌ በኩል ከጅቡቲ የሚመላለሱ መኪኖች እዚህ ያልፋሉ። ለኛ ይህ በቂ ነበር።

ጥር ላይ ድሬ ደስ ትላለች። ማታ ነፋሻ ናት። እንዲያውም ልጆቹ ላይ ጋቢ ደርቤ ነበር። ከጅቡቲ ለመጣ ሰው ይሄማ ደጋ ነው አልን። ቤት ፍለጋ የወጣነው በዚያ ስሜት ነው።

ደላላው መጀመሪያ ያሳየን ደቻቱ ወንዝ ዳር ያለች ክፍል ነው። ዋጋዋ ካየናቸው ሁሉ ዝቅ ያለ ነው። ወንዙ ደግሞ በዚያ ወቅት አሸዋ ብቻ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ልንይዛት ነበር። ያስቆመን የባጃጁ ሹፌር ነው። ሻንጣ እያወረደ ቀና ብሎ «ከነልጆቻችሁ እዚህ?» አለ። ከዚያ ስለ ሐምሌ 29 ቀን 1998 ሌሊት ነገረን። ከላይ ከተራራው የወረደው ጎርፍ ሰው በተኛበት ደርሶ ከ200 በላይ ነፍስ ይዞ ሄደ። እሱ ያኔ ልጅ ነበር። እናቱ አሁንም በክረምት ወደ ደንገጎ ተራራ በኩል ደመናው ሲጠቁር እንቅልፍ የላትም አለን። ሌላ ምንም አልተናገረም። ሻንጣዎቹን መልሶ ጫነ።

ሁለተኛው ቤት ሳቢያን ሰፈር ነው። አዲስ ብሎኬት፣ ሰፊ ክፍል፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ኮርኒስ የሌለው። ወር 3,000 ብር። ደላላው የ6 ወር ቅድሚያ ክፈሉ አለን። ባለቤቴ ግን ጅቡቲ ሆኖ ስለ ቤት ኪራይ አዋጁ አንብቦ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከ2 ወር በላይ ቅድሚያ መቀበልን ይከለክላል። ይህንን በትህትና ለአከራዩ ነገራቸው። ትንሽ ዝም ብለው «እሺ፣ የሁለት ወር» አሉ። ከስደት የምትመለሱ ሰዎች እባካችሁ ይህቺን ያዙ። ከውጭ የመጣ ሰው ገንዘብ አለው ተብሎ ስለሚታሰብ ብዙ ይጠየቃል፣ እሱም እያፈረ ይከፍላል። እኛ ያ የ4 ወር ገንዘብ እጃችን ላይ ባይቀር ኖሮ የካቲትን አናልፍም ነበር።

ገንዘቡን የጨረሰው ኪራዩ አይደለም። ፍራሽ፣ ጀሪካን፣ ምጣድ፣ ከሰል፣ ባልዲ ነው። ከሁሉ በላይ ባጃጅ። አንድ ቀን በ7 ሰዓት ልጆቹን ይዤ ገበያ ወጣሁ። ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል። ድሬ በቀትር እንደምትተኛ የነገረኝ አልነበረም። ለዚያም ደርሶ መልስ ከፈልኩ። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። የድሬ ውሃ ከባድ ስለሆነ ደግሞ ብዙ ሳይቆይ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይሠራል። የልጄ የልደት ወረቀት በፈረንሳይኛ ስለሆነ አስተርጉሙ ተባልን። ለዚያም ተከፈለ።

የካቲት ላይ ባለቤቴ ጋራዥ ገባ፣ ደሞዝ ግን ወር መጨረሻ ነው። ያን ዓመት ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገባ፣ ረመዳን ደግሞ የካቲት 22። ሁለቱ ጾም አንድ ላይ ሲውል እኔ የታየኝ የምስር ሳምቡሳ ነው። ክርስቲያኑ ለጾም ይበላዋል፣ ሙስሊሙ ለማፍጠሪያ ይገዛዋል። ቤት ጠቅልዬ ቀፊራ አጠገብ ወስጄ እጠብሳለሁ። 11 ሰዓት ላይ እቀመጣለሁ፣ መግሪብ ሳይደርስ ያልቃል። በሕይወቴ እንደዚያ ወር ደክሜም ደስ ብሎኝም አላውቅም።

በየቀኑ የሚገዙኝ አንዲት የሶማሌ አሮጊት ነበሩ። አንድ ቀን ልጄ ጠማት። 5 ዓመቷ ነው፣ ባልባላ ነው የተወለደችው። ከጎረቤት ልጆች ጋር ስትጫወት ሶማልኛ ለምዳለች። ጅቡቲ ሳለን ይህ ያስጨንቀኝ ነበር፤ ከእናቴ ጋር በምን ትግባባለች እያልኩ። ልጄ ወደ አሮጊቷ ቀና ብላ «አዬዮ፣ ቢዮ» አለች። አያቴ፣ ውሃ ማለቷ ነው። ሴትየዋ ሳምቡሳውን ትተው እሷን አቀፉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለኛም ሁሉ አዬዮ ሆኑ። እኔ አንቱ ስላቸው ሳቁ። «ስንት ሰው ሆኜ ነው?» አሉኝ። በድሬ አማርኛ አንቱታ ብዙ አይሰማም፣ አንቺ ማለት ቅርበት ነው። ስለዚህ አሁን የምጽፈውም እሷ በምትወደው ነው።

ፋሲካ መጣ። ኮምቦልቻ አልሄድንም። ለእናቴ በስልክ ሳወራ ድምፄ እንዳይሰበር ከቤት ወጣሁ። ውጭውም ይፋጅ ነበር።

ከሚያዝያ ወዲያ ያ ሰፊ ቤት ቤት መሆኑ ቀረ። ከቀኑ 5 ሰዓት ጀምሮ ቆርቆሮው ይንጫጫል፣ ብሎኬቱ ማታ ሙሉ የቀኑን እሳት ይተነፍሳል። ጅቡቲ የለመድነው ሙቀት አይደለም ወይ ትሉ ይሆናል። ጅቡቲ ማታ ደጅ ነበር የምንተኛው። እዚህ ግቢው ጠባብ ነው፣ ጥላ የሚባል የለም፣ አከራዩም ደጅ መተኛት አይወዱም። ትንሹ ልጄ አንገቱና ጀርባው በሽፍታ ተሸፈነ። ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ሙቀት ነው፣ ቀዝቃዛ ቦታ አቆዪው አሉኝ። የት?

ይህንን ለአዬዮ ስነግራት «ቤቱን ያያችሁት በስንት ወር ነው?» አለችኝ። በጥር አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። በማግስቱ መጋላ ሰፈር ያለ ግቢዋን አሳየችኝ። መሐሉ ላይ ትልቅ የኒም ዛፍ ቆሟል። ግድግዳው የድሮ ነው፣ እጅ ሲነካው ይቀዘቅዛል። ሮቶ አለ፣ አራት ቤተሰብ ይጋራዋል። ባዶ የነበረችው ክፍል ግን ካለንበት በግማሽ ታንሳለች፣ ኪራይዋ ደግሞ 3,500 ነው።

ባለቤቴ አልተዋጠለትም። «ጠባብ ቤት በውድ?» አለኝ። ቁጭ ብለን አሰላን። ከመጋላ ቀፊራ በእግር ነው። በቀን ሁለት ጊዜ የምከፍለው ባጃጅ ይቀራል። እሱ ብቻ ከ500 ብሩ ይበልጣል። ያላሰላነውም ነበር። እኔ ሳምቡሳ ስሸጥ ትንሹን የምትይዝልኝ የጉራጌ ጎረቤቴ አለች፤ እኔም ጠዋት የእሷን እይዛለሁ። ከጎናችን ያለችው የኦሮሞ እናት ለልጄ ሽፍታ ምን እንደምቀባው፣ በስንት ሰዓት እንደማጥበው ነገረችኝ። ድሬ ውስጥ የምትከራዩት ግቢውን ነው። ክፍሏ ለሻንጣና ለዝናብ ናት፤ ኑሮው ያለው ዛፉ ሥር ነው። ማታ ምንጣፍ እናነጥፋለን። ልጆቹ በሦስት ቋንቋ እየተጣሉ እዚያው ይተኛሉ።

በመስከረም ልጄ ትምህርት ቤት ገባች። ድሬ ውስጥ በአማርኛም፣ በአፋን ኦሮሞም፣ በሶማልኛም ይማራሉ። እኔ አማርኛውን መረጥኩላት፣ ለእናቴ ብዬ። ሶማልኛው ከአዬዮ ጋር አለ። እናቴም እኛን ለማየት ቸኩላ ራሷ መጣች። ሻንጣችን ስንት እንደነበር አልጠየቀችኝም። ዛፉ ሥር ከአዬዮ ጋር ቡና እየጠጡ ስለ ጉልበት ሕመም ሲያወሩ ዋሉ።

ሰሞኑን የባልባላ ጎረቤቴ ደወለችልኝ። እነሱም ሊመለሱ ነው፣ ሦስት ልጆች አሏት። ደላላ የላከላትን ፎቶ አሳየችኝ። ሰፊ፣ አዲስ፣ ርካሽ። «በዚህ ዋጋማ እንዳያመልጠኝ» አለች። አሁን ጥር ነው። ፎቶውን አሳድጌ አየሁት። ዛፍ አይታይም። ገንዘብ እንዳትልክ፣ ነገ በቀትር ራሴ ሄጄ ጣሪያውን አይቼ እደውልላታለሁ ብያታለሁ።