ግሪንላንድኛ፦ «ሱዋቅ» ከገባችሁ ካርታው ራሱ ያስተምራችኋል

ሰላም የቋንቋ ወዳጆች! ግሪንላንድኛ (ባለቤቶቹ ካላሊሱት የሚሉት) ላይ የት እንደደረስኩ ላካፍላችሁ። የሰዋስው መጽሐፉን ለጊዜው ወደ ጎን ብዬ ካርታና የእንስሳት ስም ይዤ ቁጭ ብያለሁ። ያው ቅጥያ ዓሣውም ላይ ደሴቱም ላይ ስለሚመጣ ሳትሸመድዱት ይገባችኋል።

መጀመሪያ «ሱዋቅ»ን ያዙ፣ ትልቅ ማለት ነው። ናርሳቅ ሜዳ ነው፣ ናርሳርሱዋቅ ደግሞ ትልቅ ሜዳ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካኖች የአውሮፕላን ማረፊያ የሠሩት እዚሁ ነው፤ በዚያ ተራራማ አገር ሜዳ ከተገኘ ማን ይለቃል! ቄቄርታቅ ደሴት፣ ቄቄርታርሱዋቅ ትልቅ ደሴት። አሁን ልብ በሉ፦ ቃሉ በ«ቅ» ካለቀ «ቅ»ው ወደ «ር» ይለወጣል። በ«ክ» ካለቀ ግን «ክ»ው ይጠፋና «ሱ» ይጠብቃል፦ ካንጌርሉክ (ተራሮች መሃል ዘልቆ የገባ ባሕር) ካንጌርሉሱዋቅ ይሆናል። «ር»ዋም ብትሆን ለመጻፍ ያህል ነው እንጂ ሲናገሩ እምብዛም አትሰማም፣ ከፊቷ ያለውን አናባቢ ወደ ጉሮሮ ትስበውና የሚከተለውን «ስ» ታጠብቀዋለች።

እንስሳት ላይም ሕጉ ያው ነው። ኤቃሉክ ከሳልሞን ወገን የሆነ ዓሣ ሲሆን ኤቃሉሱዋቅ የግሪንላንድ ሻርክ ነው፣ ማለትም «ትልቁ ኤቃሉክ»። ሁለቱ እንኳን ሊዛመዱ፣ መልካቸውም አይገናኝም፤ ስም አውጪው መጠኑን ብቻ ያየ ይመስለኛል። (ይሄ ሻርክ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት እንደሚለው ቢያንስ 272 ዓመት መኖር ይችላል፣ ስሙ ሲያንሰው ነው።)

የ«ሱዋቅ» ተቃራኒ «ንጉዋቅ» ነው፣ ብዙ ሲሆን «ንጉዊት»። ቃሲጊያቅ ዥንጉርጉር የባሕር እንስሳ ነው፣ «ሲል» (seal) ከሚባሉት ዓይነቶች አንዱ። ቃሲጊያንጉዊት የምትባል ከተማ አለች፣ «ትንንሾቹ ቃሲጊያቆች» ማለት ነው። በደቡብ ያለችው ናኖርታሊክ ደግሞ ከናኖቅ፣ ከነጩ ድብ፣ የመጣች ናት፤ «ታሊክ» «ያለው» ስለሆነ ድብ ያለበት ቦታ መሆኗ ነው።

«ሚዩት» የቦታውን ሰዎች ይነግራችኋል፣ እኛ ጎንደሬ ጎጃሜ እንደምንለው። የዋና ከተማዋ የኑክ ሰዎች ኑሚዩት ናቸው («ሚ» ጠብቆ፣ «ክ» እዚህም ተውጣለች)። የሚገርመው ሲሲሚዩት ነው፦ «የቀበሮ ጉድጓድ ያለበት ቦታ ሰዎች»፣ የነዋሪዎቹ ስም የከተማው ስም ሆኖ ቀርቷል።

አሁን ግሥ ላይ የሚገባውን «ፊክ» ጀምሬያለሁ፣ ድርጊቱ የሚፈጸምበትን ቦታ ያመለክታል። አቱዋር ማንበብ ነው፣ አቱዋርፊክ ትምህርት ቤት። ከአናባቢ በኋላ ሲመጣ «ቪክ» ይሆናል፣ ናፓርሲማቪክ ሆስፒታል ነው፣ ታሞ የሚኮንበት ቦታ። የአውሮፕላን ማረፊያው ሚታርፊክ ነው፣ አውሮፕላኑ ራሱ ግን ቲሚሳርቶቅ፣ ማለትም «የሚበረው»። ይቺን «ቶቅ» ገና እያላመጥኳት ነው፣ ቃቆርቶቅ የምትባለው የደቡብ ከተማም «ነጩ» ማለት የሆነችው በእሷ ነው።