የግራሩ መሬት

አባቴ መስከረም ሲጠባ የማይተዋት ልማድ አለችው። ዝናቡ ጋብ ሲል ከዘራውን ይዞ ይወጣል። ከቤታችን ጀርባ ያለችውን ወንዝ ይሻገርና ትልቅ ግራር ያለበት ማሳ ዳር ይቆማል። ጤፉን ያያል። አንዳንዴ ጎንበስ ብሎ ከወሰኑ ላይ አረም ይነቅላል። ወደ ውስጥ ግን እግሩን አያስገባም። ተመልሶ ቡና ሲቀርብ «ዘንድሮ የግራሩ መሬት ጥሩ ይዟል» ይላል።

የግራሩ መሬት የኛ አይደለም። ከ1989 ዓ.ም. ወዲህ የኛ ሆኖ አያውቅም።

ያደግሁት ከደብረ ማርቆስ ወደ ሉማሜ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ባለ ቀበሌ ነው። አፈሩ መረሬ ነው፤ ክረምት ላይ እግር ይይዛል። ሽግሽጉ ሲመጣ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ያኔ በክልላችን ገጠር የኖረ ሰው ቃሉን ያውቀዋል። ብዙ መሬት አለው ከተባለው ተቀንሶ ለሌለው ተሰጠ። በደርግ ጊዜ ገበሬ ማኅበር ውስጥ ኃላፊነት የነበረው «ቢሮክራት» ተባለ። የድሮ ባላባት የተባለው ደግሞ «ቅሪተ ፊውዳል»። ለነዚህ የተተወላቸው 4 ጥማድ፣ ማለትም አንድ ሄክታር ገደማ ነበር። አባቴ የገበሬ ማኅበር ፀሐፊ ነበር። የመረጡት መጻፍ ስለሚችል ነው። ከነበረን 9 ጥማድ 5ቱ ሄደ።

ገመዱ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። የቃጫ ገመድ ነው፤ በየመሃሉ ቋጠሮ አለው። ሁለት ሰዎች ወዲያና ወዲህ ይዘውት ማሳውን ያቋርጣሉ። አባቴ ግራሩ ሥር ቁጭ ብሎ ያያል። ማንም አልጮኸም። እናቴ ለለኪዎቹ ምሳ አቀረበች። ቤት የመጣ ሰው ሳይበላ አይሄድማ። በልተው፣ መርቀው ሄዱ። ማታ አባቴ በሬዎቹን ሲያስገባ ወደ ማዶ ዞር ብሎ አላየም።

ከሁለት ዓመት በኋላ አያቴ ሞተች። ያን ጊዜ አገር ምድሩ መጣ። ሙሾ ወረደ፤ ደረት ተደቃ። ሠልስቷ ወጣ፤ አርባዋ ተዘከረ። ሙት ዓመቷ ሲወጣ እናቴ ጥቁር ልብሷን ጣለች። አሁን አያቴን ስናነሳት እንስቃለን። ተረቷን፣ ቁጣዋን፣ ጠላ ስትጠምቅ የምታንጎራጉረውን። እናቴ በጣም ትወዳት ነበር፤ ግን ሐዘኑ ወጥቶላታል።

ለመሬቱ ግን ማን ለቅሶ ደረሰ? ማንም። «እግዜር ያጽናህ» ያለው ሰው የለም። እንዲያውም ጎረቤቱ ግማሹ ከዚያው ሽግሽግ መሬት ያገኘ ነው። ምን ብሎ ያጽናናው? እሱስ ማን ፊት ያልቅስ? ስለዚህ ዋጠው። 25 ዓመት ሙሉ ዋጠው።

ሰው ያለፈውን መተው የሚያቅተው ደካማ ስለሆነ አይመስለኝም። እኔ እንደማየው ብዙ ጊዜ የሚከብደን ያላለቀስንበትን መተው ነው።

ፖውሊን ቦስ የምትባል አሜሪካዊት ምሁር ስለዚህ ብዙ ጽፋለች። ጥናቷን የጀመረችው በቬትናም ጦርነት ከጠፉ ወታደሮች ቤተሰቦች ነው። ሞተ እንዳይሉ ሬሳ የለም። አለ እንዳይሉ ሰውየው የለም። በኛ አነጋገር ቁርጡን አላወቁም። ቁርጡን ያላወቀ ሰው ሐዘን መቀመጥም ከሐዘን መነሳትም ይቸግረዋል። እሷ የጻፈችው ስለ ሰው ነው። እኔ ግን ሳነበው የታየኝ አባቴ ነው። መሬቱ አልጠፋም። ጠዋት በር ሲከፍት ከነግራሩ ማዶ ይታየዋል። አለ፤ ግን የለም።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ለእረፍት ስመለስ አንድ ቀን ልመክረው ሞከርሁ።

«አባዬ፣ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ተወው በቃ። አራቱም ጥማድ አሳድጎናል።»

«የቱን ልተወው?» አለኝ። «በዓይኔ እያየሁት?»

ደግሜ አልመከርሁትም። አሁን ሳስበው ያን ቀን መናገር አልነበረብኝም። ዝም ብዬ አብሬው መቆም ነበረብኝ።

ደግሞ አንድ ነገር ልብ አልሁ። የቀሩን 4 ጥማዶች አምና ስንት ኩንታል እንደሰጡ ብትጠይቁት ያመነታል። የግራሩ መሬት በ1988 የሰጠውን ጤፍ ግን እስከ ቁናው ይነግራችኋል። ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ሥራ ሰው ካገኘው ይልቅ ያጣው እንደሚከብደው ጽፈዋል። መቶ ብር ማግኘት ከሚያስደስተን ይልቅ መቶ ብር መጣል ያንገበግበናል። ጎጃም ላይ ደግሞ የጠፋው ብር አይደለም፤ መሬት ነው። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር ታውጆ መሬት ይለካ ሲባል ጎጃሜ አሻፈረኝ ብሎ ጫካ ገብቷል። አባቴ ያኔ ልጅ ነበር። ገመድ ይዞ የመጣ ሰው እንደማይታመን የሰማው ከአባቱ አፍ ነው።

የራሴንም ልናገር። ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ልጅ በተማሪ ፊት «የቢሮክራት ልጅ» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። ምን ማለት እንደሆነ እንኳ በቅጡ አላውቅም ነበር። መልስ አልሰጠሁም። አሁን አርባዬን ልደፍን ነው፤ ሌሊት እንቅልፍ ሲጠፋብኝ ዛሬም ለዚያ ልጅ መልስ አዘጋጃለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ማርቆስ አንድ ሠርግ ላይ ተገናኘን። አቅፎ ሳመኝ። ልጆቹን አስተዋወቀኝ። ነገሩን ጨርሶ አያስታውሰውም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚባለው እውነት ነው።

ብሉማ ዛይጋርኒክ የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1927 ባወጣችው ጥናት ለሰዎች ትንንሽ ሥራ ሰጥታ ግማሹን መሃል ላይ ታስቆማቸው ነበር። በኋላ ስትጠይቃቸው ይበልጥ ያስታወሱት ያልጨረሱትን ነው። በኋላ ከሞከሩት መሃል ያንኑ ውጤት ያላገኙ ብዙ ናቸው። ለኔ ግን ስሜት ይሰጣል። ያ ልጅ ከተናገረኝ ነገር ይልቅ ያልመለስሁለት ነው የሚቀሰቅሰኝ።

አሁን ወደ አባቴ ልመለስ።

መሬቱ የደረሰው ሰው ያኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ነበር። እናት አባት የሌለው፣ የሰው ከብት እየጠበቀ ያደገ። አሁን አራት ልጆች አሉት። መንገድ ላይ አባቴን ሲያይ ባርኔጣውን አውልቆ ነው የሚያልፈው። አባቴ ግን ስሙን ጠርቶት አያውቅም። «ያ ሰውዬ» ነው የሚለው።

በ2014 ታኅሣሥ ለእረፍት ሄጄ ቤት ነበርሁ። አመሻሽ ላይ ሰውየው መጣ። በር ላይ ቆመ እንጂ አልገባም።

«አያ፣ ሐሙስ እወቃለሁ። መጥተው አውድማውን ቢመርቁልኝ።»

አባቴ ብዙ ዝም አለ። እናቴ ጠላ ቀዳች። ሰውየው ቆሞ ጠጣ፤ አመስግኖ ሄደ። አባቴ እሄዳለሁም አልሄድምም አላለም። ሐሙስ ጠዋት ግን የታጠበ ጋቢውን ለብሶ አየሁት። ተከተልሁት።

ወሰኑ ጋ ሲደርስ እንደ ልማዱ ቆመ። ሰውየው ከወዲያ ሆኖ ይጠብቃል። ና አላለውም፤ ቆሞ ጠበቀው። አባቴ ከዘራውን ቀድሞ ተከለ። ከዚያ እግሩን አስገባ።

በሬዎቹ አውድማው ላይ ይዞራሉ። ልጆቹ በመንሽ ጭዱን ይገለብጣሉ። አባቴ ጎንበስ ብሎ አንድ እፍኝ ዘገነ። በሁለት መዳፉ አሸት አሸት አደረገና እፍ አለበት። እብቁ በረረ፤ መዳፉ ላይ ጤፉ ቀረ። ብዙ አየው።

«ነጭ ነው» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ «ያብዛልህ። ልጆችህ ይብሉት» ብሎ መረቀ።

ሰውየው ጉልበቱን ሳመ። ቀና ሲል ወደ ግራሩ አመለከተ። እኔም ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ከግራሩ ሥር አንዲት ቁራጭ መሬት ሣር ለብሳለች። ዙሪያዋ ታርሷል፤ እሷ ግን ማረሻ አልነካትም።

«ያን ቀን እዚያ ተቀምጠው አይቼዎታለሁ» አለ። «አርሻት አላውቅም።»

አባቴ ምንም አልመለሰም። ሄዶ ግራሩ ሥር ተቀመጠ። እኔም አጠገቡ ተቀመጥሁ። ውቂያው እስኪያልቅ ከዚያ አልተነሳንም። ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣል አድርጎ ስለነበር ይተኛ ያልቅስ አላውቅም። አልጠየቅሁትም።

ወደ ቤት ስንመለስ ወንዙን እስክንሻገር አልተናገረም። ከተሻገርን በኋላ ዞሮ ወደ ማሳው አየ።

«የላይኛው ፈሰስ ተደፍኗል» አለኝ። «ክረምት ውኃ ይተኛበታል። ነገ ልጁን ልንገረው።»