«ሥጋ እንደ ሲጋራ ካንሰር ያመጣል»

ከሐሰተኛ ዜና ይልቅ፣ ውሸት ሳይኖርበት የሚያሳስት ርዕስ ያሳስበኛል። ሐሰተኛውን ውሎ አድሮ የሚያጋልጠው አይጠፋም። ይኼኛውን ግን ማን ይከሰዋል?

ሰሞኑን በቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ ከላይ ያለው ርዕስ ዞሮ መጣ። አዲስ ዜና አይደለም፤ መነሻው በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ያወጣው መግለጫ ነው። አክስቴ ርዕሱን ብቻ አይታ ደወለችልኝ። «የፋሲካውንም በግ እንተወው እንዴ?» አለችኝ። አባቷ ያረፉት በአንጀት ካንሰር ስለሆነ ፍርሃቷ ገባኝ።

መግለጫው የሚለው ሌላ ነው። በጨው፣ በጭስ ወይም በመሰል ዘዴ እንዲቆይ የተዘጋጀ ሥጋ፣ እነ ቋሊማና ሞርታዴላ፣ የአንጀት ካንሰር እንደሚያመጣ በቂ ማስረጃ ስለተገኘ ከሲጋራ ጋር በአንድ ምድብ ተመዘገበ። ምድቡ የሚለካው የማስረጃውን ጥንካሬ እንጂ የጉዳቱን መጠን አይደለም። በትንባሆ ምክንያት በዓመት አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በካንሰር ሲሞት፣ እንዲህ ያለ ሥጋ ከማብዛት ጋር የተያያዘው ሞት 34,000 ገደማ እንደሆነ ያኔውኑ ተገልጿል። እንደ በግና በሬ ያለው ትኩስ ቀይ ሥጋ ደግሞ «ሳያመጣ አይቀርም» በሚለው፣ ዝቅ ባለው ምድብ ነው የገባው።

«በአንጀት ካንሰር የመያዝ ዕድልን በ18 በመቶ ይጨምራል» የሚለውም ቁጥር አብሮ ይዞራል። ሰው ሲሰማው ከመቶ 18ቱ የሚታመም ይመስለዋል። የእንግሊዝ አገር ስሌት እንዲህ ነው፦ የተዘጋጀ ሥጋ እጅግ ጥቂት ከሚበሉ 1,000 ሰዎች 56ቱ በዕድሜያቸው የአንጀት ካንሰር ይይዛቸዋል፤ በጣም ከሚያበዙት ደግሞ 66ቱ። አሥር ሰው ቀላል ነው አልልም፤ አሥር ቤት ነው። ግን 18ቱ በመቶ የተባለው በየቀኑ 50 ግራም ለሚበላ ሰው ነው። ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምን፣ ፍልሰታን ለምትጾም ሴት «በየቀኑ» የሚለው ከርዕሱ ሲወጣ ምን ቀረ?

ይበልጥ የከነከነኝ ቋንጣው ነው። ድርጅቱ በምሳሌነት ከዘረዘራቸው ውስጥ የደረቀ የበሬ ሥጋ አለበት። የእኛም ቋንጣ በጨው ታሽቶ፣ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ነው የሚደርቀው። አክስቴ በዓመት አንዴ ለምታርደው በግ ስትጨነቅ፣ ጓዳዋ የተሰቀለውን ቋንጣ ጭራሽ አላሰበችውም። ርዕሱ እሱን አልነገራትማ!

ርዕስ የሚያወጡ ሰዎች ቦታ ይጠባቸዋል፣ ጠቅ የሚያደርግ አንባቢም ይፈልጋሉ፤ ይገባኛል። ቢሆንም «በየቀኑ» አንድ ቃል ናት፤ ቦታ አትፈጅም። ብዙው ሰው ይዞት የሚሄደው ርዕሱን እንደሆነ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ለአክስቴ በጉን እንዳትተው፣ ቋንጣውንም እንዳታበዛው ነገርኳት። ከሁለቱም በላይ የሚያሰጋኝ የአባቷ ነገር ነውና ሐኪም ዘንድ ሄዳ እንድትመረመር ለመንኳት። እሺ ብላኛለች፤ ማክሰኞ አብረን እንሄዳለን።