ወደ ላይ የሚከፈተው በር

መርሴዲስ 300 ኤስኤል የሚባለውን የድሮ ስፖርት መኪና በር ሰው ሁሉ ፎቶ ያነሳዋል። አጎቴ ግን ጎንበስ ብለው ከስር ለማየት ሲታገሉ ጥበቃው መጣ። ዕድሜያቸውን በጋራዥ የጨረሱ ሰው ናቸው፤ መኪና ከላይ ማየት አይሆንላቸውም። ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን ጀርመን መጥተው ዛሬ ሽቱትጋርት ያለው የመርሴዲስ ሙዚየም ወስጃቸው ነበር።

ይሄ መኪና ኒውዮርክ ላይ ለሕዝብ የታየው በ1954 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። በሮቹ እንደ ወፍ ክንፍ ወደ ላይ ይነሳሉ። ለታይታ የተሠሩ ነው የሚመስሉት። ነገሩ የጀመረው ግን ከሻንሲው፣ መኪናውን ከሚሸከመው አጽም ነው።

መርሴዲስ ከጦርነቱ በኋላ ወደ ውድድር ሲመለስ እጁ አጥሮት ነበር። አዲስ ሞተር መሥራት ስላልቻለ 300 ከሚባለው ትልቅ የቤት መኪናው ሞተሩን ወሰደ። ሞተሩ ከባድ ነው። ስለዚህ ሌላው ሁሉ መቅለል ነበረበት። የመርሴዲስ መሐንዲስ ሩዶልፍ ኡለንሃውትና ባልደረቦቹ ቀጫጭን የብረት ቱቦዎችን በሦስት ማዕዘን እየበየዱ 50 ኪሎ ገደማ ብቻ የሚመዝን ሻንሲ አወጡ። ችግሩ፣ ሻንሲው እንዲጠነክር ቱቦዎቹ በጎን በኩል ከፍ ብለው ማለፍ አለባቸው። በር መሆን ያለበት ቦታ ላይ ብረት ተጋድሟል። ብረቱን ከቆረጡት ደግሞ መኪናው ይልፈሰፈሳል። በሩ ወደ ጣሪያው የሄደው ለዚህ ነው። የውድድሩ መኪና በ1952 የለማንን የ24 ሰዓት ውድድር አሸነፈ፣ ሜክሲኮ ላይም ካሬራ ፓናሜሪካና በሚባለው ውድድር ድሉን ደገመ። ከዚያ ማክስ ሆፍማን የሚባል የኒውዮርክ አስመጪ ለደንበኞቼ ሥሩልኝ ብሎ ወጠራቸው፤ ለገበያ የወጣው በዚህ ነው።

ያ ዝቅ ያለ ኮፈንም እንዲሁ ነው። ሞተሩ ቀጥ ብሎ ቢቆም አይገባም ነበር፤ ወደ ጎን አጋደሙት። እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው። ዛሬ በር ወደ ላይ የሚከፍቱ ብዙ መኪኖች አሉ፣ አብዛኞቹ እንደዚያ ለማድረግ የሚያስገድዳቸው ነገር የለም። ስለዚህ አያስደስቱኝም።

አጎቴን የያዛቸው ሌላ ነው። በዚያ ዘመን በአብዛኞቹ መኪኖች ነዳጁን ከአየር ጋር ቀላቅሎ ወደ ሞተሩ የሚልከው ካርቡራተር ነበር። በዚህኛው ነዳጁ በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ እንደሚረጭ ስነግራቸው ቆም አሉ።

«ካርቡራተር የለውም?»

«የለውም።»

«በ54? አንተ ልጅ፣ እያሾፍክ እንዳይሆን!»

መኪናው አጠገብ ያለውን ጽሑፍ አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ዘመን ካርቡራተር እየፈቱ ሲያጥቡ እንደኖሩ ያሰቡ መሰለኝ።

የኡለንሃውት ኩፔ የሚባለው ዘመዱ በ2022 በ135 ሚሊዮን ዩሮ መሸጡንም ነገርኳቸው። የተሠሩት ሁለት ብቻ ናቸው። «የገዛው ሰው ይነዳዋል?» አሉ። ምን ልበላቸው?

የተከራከርነው ከዚያ በኋላ ነው። በ1957 ባለክንፉ ቀርቶ ጣሪያው የሚታጠፍ ሮድስተር መጣ። የሻንሲውን ጎን ዝቅ አድርገው እንደ ማንኛውም መኪና በር ገጠሙለት። ባለክንፉ 1,400 ሲሠራ ሮድስተሩ 1,858 ተሠርቷል፣ ዝናው ግን የባለክንፉ ነው። እኔ ባለክንፉን አልኩ። አጎቴ ፎቶውን በስልኬ አይተው ሮድስተሩን መረጡ። የባለክንፉ የጎን መስታወት ወደ ታች አይወርድም፤ አየር ከፈለግክ ነቅለህ ታወጣዋለህ። በበጋ ውስጡ ምጣድ ይሆናል ይባላል። መሪውም ለመግባት መታጠፍ አለበት።

«ቀሚስ የለበሰች ሴት በየት በኩል ትገባለች?» አሉኝ። ስለ ሻንሲው ደግሜ ላስረዳቸው ሞከርኩ። «ሻንሲው ገብቶኛል» አሉ፣ «አክስትህን ይዤ ነው የምሄደው።»