በናኖሽቦ ውስጥ የሚያልፍ ሙቀትን በላፕቶፕ ማስላት፦ ያሰላሁበት መንገድና የተማርኩት

ድሬዳዋ ሲሚንቶ የሚመረትባት ከተማ ናት። የሲሚንቶ እቶን የብረት ቅርፊት 300 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይግላል፤ ያ ሙቀት አየር ላይ ይበተናል። ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ቁስ ኤሌክትሪክን በደንብ እያሳለፈ ሙቀትን የሚያግት መሆን አለበት። ተራ ሲሊከን በ300 ኬልቪን 148 ዋት በሜትር በኬልቪን ያስተላልፋል፣ ይህ እጅግ ብዙ ነው። ወደ ናኖሽቦ፣ ማለትም በናኖሜትር (የሜትር ቢሊዮንኛ) ወደሚለካ ሽቦ ሲቀጥን ስንት እንደሚቀረው ለማወቅ የፊዚክስ ተመራማሪው ካላዌይ እ.ኤ.አ. በ1959 ያወጣውን ሞዴል በፓይተን ጻፍኩት። ስሌቱ ሰከንድም አይፈጅም፤ መብራት መጣ ሄደ የሚያስጨንቀው አይደለም።

ሙቀቱን የሚሸከሙት ፎኖኖች፣ ማለትም የአተሞች ንዝረት ሞገዶች ናቸው። ለእያንዳንዱ ድግግሞሽ ሦስት የግጭት መጠኖችን ደመርኩ። የመጀመሪያው ከአይሶቶፖች፣ ማለትም ክብደታቸው ከሚለያይ የሲሊከን አተሞች ጋር ያለው ሲሆን 1.32 × 10⁻⁴⁵ በኦሜጋ (የሞገዱ ድግግሞሽ) አራተኛ ኃይል ተባዝቶ ይገኛል። ሁለተኛው ፎኖን ከፎኖን የሚጋጭበት ኡምክላፕ ነው፤ ከኦሜጋ ካሬና ከሙቀት መጠን ጋር ያድጋል። ሦስተኛው ከሽቦው ግድግዳ ጋር ያለው ግጭት ነው፤ ፍጥነቱ (6400 ሜትር በሰከንድ) ለሽቦው ዲያሜትር ተካፍሎ ይመጣል። ድምሩን ገልብጦ ከሙቀት አቅምና ከፍጥነቱ ካሬ አንድ ሦስተኛ ጋር ማባዛትና በድግግሞሹ ላይ ኢንተግራል መውሰድ ነው የቀረው። ኢንተግራሉን ከዜሮ አይጀምሩት፣ ማካፈሉ ይበላሻል፤ ከጣሪያው (ኢንተግራሉ ከሚያበቃበት ከፍተኛ ድግግሞሽ) አንድ አሥር ሺህኛ መነሳት ይበቃል። ኦሜጋ በራዲያን በሰከንድ እንጂ በኸርዝ አለመሆኑንም ሁለቴ ያረጋግጡ።

ከሁሉም በላይ ውጤቱን የሚወስነው ግን የድግግሞሹ ጣሪያ ነው። ብዙ ሰው የሲሊከንን የዲባይ ሙቀት (ከፍተኛው የንዝረት ድግግሞሽ በኬልቪን ሲገለጽ)፣ 645 ኬልቪንን፣ እንዳለ ያስገባል። ይህ ምርጫ ሙቀትን እምብዛም የማይሸከሙትን ኦፕቲካል ፎኖኖች (ዝግ ብለው የሚጓዙ ከፍተኛ ድግግሞሽ ያላቸው ንዝረቶች) እንደ ፈጣን ተሸካሚ ይቆጥራል። በዚህ ጣሪያ ኡምክላፑን (የዚያን ግጭት መጠን የሚወስነውን ቁጥር) አስተካክዬ ለወፍራሙ፣ ማለትም ለተራው ሲሊከን 148 ካገኘሁ በኋላ የ56 ናኖሜትር ሽቦ 60 ገደማ ሰጠ። ጣሪያውን ወደ 4.2 × 10¹³ ራዲያን በሰከንድ (321 ኬልቪን) አውርጄ፣ እንደገና ከ148 ጋር ሳገጥመው፣ ያው ሽቦ 18 ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2003 በላቦራቶሪ የተለካው 26 አካባቢ ነው። ሁለቱም ስሌቶች ለወፍራሙ ሲሊከን እኩል ልክ ናቸው፤ የሚለያዩት ሽቦው ላይ ነው። ምክንያቱም የመጀመሪያው ስሌት አንድ ፎኖን ሳይጋጭ 43 ናኖሜትር ያህል ይሄዳል ይላል፤ በእውነት ግን አብዛኛውን ሙቀት የሚሸከሙት ከዚያ እጅግ ርቀው ይጓዛሉ፣ ግድግዳም ቀድሞ የሚያግዳቸው እነሱን ነው። ከ18 ወደ 26 የሚቀረውን ክፍተት ለመዝጋት ቁጥር ከመነካካት ይልቅ የእያንዳንዱን ሞገድ እውነተኛ ፍጥነት ማስገባት ይሻላል።

ስለዚህ ሥርዓቱ ይህ ነው፦ ኡምክላፑን በወፍራሙ ሲሊከን በ300 ኬልቪን አንዴ ያስተካክሉ፣ ከዚያ አይንኩት። የእኔ ቁጥር በዝቅተኛው ጣሪያ 1.55 × 10⁻¹⁹ ሰከንድ በኬልቪን ሆኖ፣ ከ140 ኬልቪን ኤክስፖነንሻል (exp(−140/T)፣ T የሙቀት መጠኑ) ጋር፣ በ400 ኬልቪን 101፣ በ500 ደግሞ 76 ሰጠ። የተለካው 99 እና 76 ነው። ይህን ፈተና ያላለፈ ስሌት ወደ ሽቦ አይሂድ።

እ.ኤ.አ. በ2008 ሸካራ ገጽ ያለው የ50 ናኖሜትር ያህል ሽቦ 1.6 ብቻ አስተላልፎ ተለክቷል፣ ዜድቲውም (ቁሱ ሙቀትን ወደ ኤሌክትሪክ ለመቀየር ያለውን ብቃት የሚገልጽ ቁጥር) 0.6 ነበር። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያሻል። ግድግዳው ፎኖኑን ሙሉ በሙሉ ቢበትነውም የእኔ ስሌት ለዚህ ውፍረት ከ16 አይወርድም። ዲያሜትሩን በውሸት አሳንሶ 1.6 ማግኘት ይቻላል፤ ግን ያ ማብራሪያ አይደለም። ኤሌክትሮኖቹ የሚሸከሙትም አይረሳ፦ ኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱ 6 × 10⁴ ሲመንስ በሜትር ከሆነ 0.44 ይጨምራሉ። ከ148 አጠገብ ኢምንት ነው፣ ከ1.6 አጠገብ ግን ሩብ ያህል።

ወደ እቶኑ እንመለስ። ቅርፊቱ ስለሚሽከረከር ሞጁል (ሙቀቱን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው መሣሪያ) አይለጠፍበትም፤ ክፍተት ትቶ ጨረሩን መቀበል ግድ ነው። ቅርፊቱ 300፣ የሞጁሉ ሙቅ ጎን 200፣ ቀዝቃዛው ጎን እንደ ድሬዳዋ አየር 35 ዲግሪ ቢሆን፣ በካሬ ሜትር ቢበዛ 3.3 ኪሎዋት ይገባል። ያንን የ165 ዲግሪ ልዩነት ለመያዝ እግሮቹ (ሙቅና ቀዝቃዛውን ጎን የሚያገናኙት የቁሱ ምሰሶዎች) ገጹን ሙሉ ቢሸፍኑ ተራ ሲሊከን፣ በዚህ ሙቀት 100 ገደማ ስለሚያስተላልፍ፣ 5 ሜትር ርዝመት ይፈልጋል፤ 17 የሚያስተላልፈው ሽቦ 86 ሴንቲሜትር፤ 2 የሚያስተላልፈው 10 ሴንቲሜትር። እግሮቹ ከገጹ አንድ አሥረኛውን ብቻ ቢይዙ የመጨረሻው 1 ሴንቲሜትር ይሆናል፣ ይህ የሚሠራ ነገር ነው። በዜድቲ 0.6 ቅልጥፍናው 4.8 በመቶ፣ ማለትም በካሬ ሜትር 158 ዋት ያህል ይወጣል። ቀዝቃዛውን ጎን በውኃ 20 ዲግሪ ላይ ማቆየት ቢቻል፣ ቅልጥፍናው 5.3 በመቶ ይደርሳል።