ከእንጦጦ ግርጌ እስከ ዱከም፦ ኮባ፣ ጭድና ሃይላንድ

በየካቲት ከእንጦጦ ግርጌ ተነስተን በቃሊቲና በአቃቂ አድርገን እስከ ዱከም ወረድን። ለማየት የፈለግነው ከመስከረም ወዲህ የረባ ዝናብ ያላገኘ ጓሮ እንዴት የቆላ ጫካ ሊመስል እንደሚችል ነው።

እንጦጦ ግርጌ ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ነው፤ ዱከም ከ2,000 በታች ይወርዳል። ልዩነቱ ቅጠል ላይ ይነበባል። ላይኛው ሰፈር ፓፓያው የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ አናቱን አጥቁሮት ቆሟል፤ ሙዙም ቅጠል ያወጣል እንጂ ዘለላ አይጠበቅበትም። የእኛ ደረቅ በጋ እንደ አፋር በረሃ አይደለም። ቀን ያደርቃል፣ ሌሊት ያቃጥላል፣ ያውም በብርድ።

ላይ ያማረው ግቢ ሁሉ የቆመው በኮባ ነው፤ ያው ለድፎ ዳቦ ቅጠሉን የምንቆርጠው ኮባ። ግንዱ ውስጥ ውሃ ስለሚያጠራቅም ጥቂት ሳምንት ቢጠማም አይሞትም። በመሃሉ ከ2 እስከ 3 ሜትር ይተውለታል። ግን ካበበ ያበቃለታል፣ እንደ ሙዝም ጎኑ ላይ ልጅ አይሰጥም፤ ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ አንድ ተተኪ መትከል ነው። ከሥሩ ካና የሚባለው ሰፊ ቅጠል ያለው አበባና ጉሎ ይገባሉ። የጉሎ ፍሬ መርዝ ስለሆነ ልጆች ባሉበት ግቢ አበባውን ገና በእንጭጩ መቁረጥ ያስፈልጋል። ጎደሬ የምትተከለው የእቃ ማጠቢያ ውሃ በሚፈስበት ቦታ ብቻ ነው፤ በረኪና የገባበት ውሃ ከሆነ ግን ትቅር።

ቦታውን በተመለከተ፣ በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ወደ ደቡብ የሚያይ ግንብ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይመልሳል። ለብርድ የሚሳሳው ተክል እዚያ ይጠጋል። ብርዱ የሚተኛበት የግቢው ዝቅተኛ ጥግ ለደንገል እንኳ አይመችም።

አቃቂ ስንደርስ አፈሩ መረሬ፣ ማለትም ውሃ የሚይዝ ጥቁር ሸክላ አፈር ሆነ፤ ስንጥቁ እጅ ያስገባል። አንድ ባለቤት ኮባው ስለደረቀበት ውሃውን እጥፍ አድርጎለት ነበር። ነቅሎ ሲያሳየን ሥሩ እንደ ተቀቀለ ጎመን ልሟል። ተክሉን የገደለው በጋው አይደለም፤ ሐምሌ ላይ ውሃ ተኝቶበት በስብሶ ሳለ ቅጠሉ የወደቀው አሁን ነው። በመረሬ ላይ 80 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍሮ መትከል ገንዳ መሥራት ነው። ይልቅ ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ይሠራል፦ 2 እጅ አፈር፣ 1 እጅ የበሰበሰ ፍግ፣ 1 እጅ ባለ ቀዳዳ ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር። ላዩን 8 ሴንቲ ሜትር የጤፍ ጭድ ይለብሳል፣ ግንዱን ግን አይነካም፤ ከነካው ያሻግተዋል።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶ ያለው ሰው እንኳ ይሳሳል። አዲስ ለተተከለ ኮባ በሳምንት ሁለቴ አንድ 20 ሊትር ጀሪካን በቂ ነው፤ ከግንዱ ግማሽ ሜትር ርቆ ዙሪያውን፣ ጠዋት። ለትንንሾቹ ሃይላንድ ይቀበራል፦ ባለ 2 ሊትሩ፣ ከታች በመርፌ ሁለት ቀዳዳ፣ አፉ ከአፈር በላይ። ክዳኑ ከጠበቀ አየር ስለማይገባ አይንጠባጠብም፣ ከተከፈተ ደግሞ ቶሎ ያልቃል፤ ግማሽ ዙር ማላላት ነው። ጭቃው ቀዳዳውን እንዳይደፍነው ታችውን በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ መጠቅለል ይበጃል።

ዱከም መንገድ ዳር የኮባ ችግኝ በርካሽ ይሸጥ ነበር። አልገዛንም። አሁን የተተከለ ሥር ሳይሰድ ከፀሐዩ ጋር ይታገላል፤ ሰኔ ሲገባ በተዘጋጀው መደብ ላይ ሲውል ግን ክረምቱ ራሱ ያጠጣዋል። መኪናው ላይ የጫንነው ሁለት ማዳበሪያ ቀይ ጠጠር ብቻ ነው።